ስህተት የሌለበት ገጽ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ቆሻሻ ልትደፋ ወደ ጓሮ ስትወጣ ልጅቷን ሲሚንቶው ላይ ወድቃ አገኘቻት። እኔ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ሕንፃው አራት ፎቅ ነው፤ ከጣሪያው እስከ ጓሮው ሰው የሚይዝ ነገር የለም። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና «ትናንት ነው፣ ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ» አለኝ። ጻፍኩት።

እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሚስቴን ከቀበርኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፤ ከዚያ ወዲህ እጄ በምንም ነገር ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ጣቢያው ውስጥ «ጠንካራ ሆነ» ይሉኛል። ጥንካሬ መሆኑን እንጃ። ጥርሱን ሊነቅሉት እንዳደነዘዙት ሰው ነኝ፤ ጉንጬን ብነክሰው አላውቅም። በዚህ ሁኔታ ሥራ ይሠራል፣ ፋይል ይዘጋል፣ ደመወዝ ይመጣል።

ልጅቷ የምትሠራው አራተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጇ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ እዚያው የምትረሳ ሴት፣ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» አልኳት።

«ሰው ቤት ሠርቶ ሲጨርስ መሐንዲስ መጥቶ ያየው የለ? እኛ ደግሞ ድረ ገጽ እናያለን። ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ከውስጥ ያለው ኮድ ግን የተዛባ ሊሆን ይችላል። ስህተቱን እንለቅማለን። ደረጃውን ካሟላ ፈርመን ማረጋገጫ እንሰጣለን።»

«እሷስ?»

«ጥድፊያ እንላታለን። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ስል ነው፣ የሌላውን ስህተት ከሩቅ ታያለች። የራሷን ግን ቸኩላ ነው የምትጽፈው።»

ከዚያ የልጅቷን ኮምፒውተር ከፈተችልኝ። ለሙከራ በሚጠቀሙበት የቢሮው ገጽ ላይ፣ እሑድ አስር ሰዓት ከአርባ፣ ከዚሁ ጠረጴዛ፣ እንዲህ ተለጥፏል፦

ደክሞኛል። ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ይቅር በሉኝ። እናቴን አደራ።

ከሥሩ ፎቶ አለ፣ ጥቁርና ነጭ። ልጅቷ ጣሪያው ላይ፣ ከዝቅተኛው አጥር አጠገብ ቆማ ትስቃለች። አንገቷ ላይ ሻርፕ አለ።

«ለፖሊስ ከመደወላችን በፊት ፈተሽነው» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ አፍራ።

«ምኑን?»

«ገጹን። ልማድ ሆኖብን ነው። እዩት።» ቁልፍ ነካች። መፈተሻ ፕሮግራሙ ገጹን ላይ ታች ብሎ አንድ መስመር አወጣ፦ ስህተት 0። «በሦስት ዓመት ውስጥ የሷ ገጽ በመጀመሪያ ፍተሻ አልፎ አያውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ እንኳን አስተካክላ ሄደች» አለችና አለቀሰች።

እኔም «ስህተት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም።

*

እናትየው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የሆስፒታል አንሶላ ይሰፋሉ። ወደ ሰባ የሚጠጉ ሴት ናቸው፤ «በስተርጅና የወለድኳት ናት» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«በሩን ክፍት አድርገው ነው የሚቀመጡት?»

«እሑድ ስትወጣ ‹ማታ እመጣለሁ፣ በሩን እንዳትቆልፊ፣ ቁልፌ አስቸግሮኛል› አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነበር።»

አላለቀሱም። ፊታቸው ደርቋል። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ የምላጨው እሱን ነው።

ዕቃዎቿን የያዘውን ዝርዝር አነበብኩላቸው። ጫማ፣ ሰዓት፣ ያ የሚያስቸግር ቁልፍ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተያያዘ ጠረጴዛዋ ላይ የተገኘ ስልክ።

«ሻርፗስ?» አሉ።

ዝርዝሩን እንደገና አየሁ። «ሻርፕ የለም፣ እማማ። ከላይ ነው የወደቀችው፤ ነፋስ ወስዶት ይሆናል።»

«አንገቷ ላይ ነበር እኮ።»

«ነፋስ ነው» አልኩ፤ አልጻፍኩትም።

ገጹ ላይ የተጻፈውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እናቴን አደራ አለች?»

«አዎ።»

«በወረቀት ጻፍልኝ።»

ከማስታወሻዬ ቀድጄ ጻፍኩላቸው። አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «አደራ ካለችማ አስባኛለች» አሉ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ ዓይኔን እያዩ፣ «አንተዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። እስር አልፈልግም፣ ካሳ አልፈልግም። ልጄ ጥላኝ ነው የሄደችው ወይስ ወስደውብኝ? እሱን ብቻ እወቅልኝ።»

«እናጣራለን» አልኩ። ለሁሉም የምለው ነው።

ጣቢያ ስመለስ አዛዡ ጠበቀኝ። «ራሷን ነው የገደለችው፤ ጽፋለች፣ አለቀ። እስከ አርብ ዝጋው» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የእኛ ጣቢያ ሁለቱም አለው።

*

ማክሰኞ የሕንፃውን ጥበቃ ጠራሁት። ሰኞ ዕለት «እሑድን ሙሉ ከበሩ አልተነሣሁም፤ ከሷ በቀር ነፍስ አልገባም» ብሎ ምሎልኝ ነበር። መንገዱን ተሻግሮ ያለችው የለስላሳ መጠጥ ሻጭ ግን ሳልጠይቃት «እሱማ ኳስ ሲያይ ነበር፣ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ፣ እዚችው ወንበር ላይ» አለችኝ።

«ጌታዬ፣ ልጆች አሉኝ» አለ ጥበቃው፣ ባርኔጣውን እያሻሸ።

«ኳሱን ማን አሸነፈ?»

«እኩል ለእኩል ወጡ።»

«ለዚያ ነው በሩን የለቀቅከው?»

ሰውየው ውሸታም እንጂ ገዳይ አይደለም፤ ላቡ ሥራውን እንዳያጣ የፈራ ሰው ላብ ነው። ግን በሩ ለሁለት ሰዓት ባዶ ነበር ማለት ነው። ማንም ሊገባ ይችል ነበር።

ከዚያ እጮኛዋ መጣ። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በስልኳ ላይ ቅዳሜ ዕለት ከሱ የመጣ መልእክት ነበር፦ «ትቆጪያለሽ።» አንድ ቀን አሳደርኩት። ወንበሩ ላይ ሆኖም እጆቹን መሪ እንደያዘ ሰው ፊት ለፊቱ ነው የሚያስቀምጣቸው።

«ምን ማለትህ ነው ትቆጪያለሽ?»

«ሠርጉን ለመጪው ዓመት አስተላለፈችው። አንድ የጀመርኩት ነገር አለ፣ እሱን ሳልጨርስ አላገባም አለች። ተናደድኩ፣ ጻፍኩ። ይኸው ነው። ማን እንደሚቆጭ አሁን አየሁት።»

እሑድ አስር ሰዓት ላይ ሃምሳ ሁለት ተሳፋሪ ይዞ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዲቱ ሆዷ ታምሞ መንገድ ላይ አስቁማው ነበርና በደንብ ታስታውሰዋለች። ለቀቅኩት። በሩ ላይ ሲደርስ «የጀመረችውን ነገር አገኛችሁት?» አለኝ።

አግኝተነው ነበር፤ ያገኘነው መሆኑን ግን አላወቅንም። መሳቢያዋ ውስጥ የታተመ ዝርዝር ነበር፣ ሃያ ሦስት የድረ ገጽ አድራሻ፣ እያንዳንዱ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት። ሥራ አስኪያጇ አየችውና ትከሻዋን ነቀነቀች። «ድሮ የተፈረመባቸው ናቸው። ለምን ደግማ እንዳየቻቸው አላውቅም።»

*

ረቡዕ የቢሮውን ሰዎች አንድ በአንድ አናገርኩ። ሥራ አስኪያጇ እሑድን ልጇን ዋና ስታስተምር ነው የዋለችው፤ ሌሎቹ ሦስቱም ቤተሰብ ይመሰክርላቸዋል። ጆሮ የሚሉት ዓይነ ስውር ፈታሽ ቤቱ ሬዲዮ ሲሰማ ዋለ፤ ጎረቤቱ ድምፁን ቀንስ ብላ ሁለት ጊዜ በሩን መትታበታለች።

አንጋፋው ፈታሽ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ማስመሪያ ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል። ሁሉንም ያስተማራቸው እሱ ነው፤ እኔንም ሊያስተምረኝ ጀመረ።

«እዩ፣ ኢንስፔክተር። ይሄ ገጽ አርባ ሰባት ስህተት አለው ይላል። ጀማሪ ሲያየው ያለቅሳል።» አንድ ቦታ ላይ አንድ ምልክት ጨመረና እንደገና አስፈተሸው። ሁለት ቀረ። «ከላይ አንድ የተከፈተ ነገር ሳይዘጋ ቀርቶ ነው። ሌላው ሁሉ የሱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከላይ ይጀምሩ፤ የመጀመሪያውን ብቻ ያስተካክሉና ደግመው ይዩ።»

«ጥሩ ምክር ነው። ጥድፊያን መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«አርብ ማታ። ደህና እደሩ ብላ ወጣች። እሑድን እህቴ ቤት ነበርኩ፤ የውሃ ቧንቧ ተበላሽቶባት።»

«ገጹን አዩት?»

«አልከፈትኩትም» አለ ቀስ ብሎ። «አቅም አጣሁ።»

እህቱ ጋ ደወልኩ። «አዎ፣ ከሰዓት በኋላውን እዚሁ ነበር፣ ቧንቧዬን ሲሠራ» አለች። ወደድኩት ሰውየውን። በሦስት ቀን ውስጥ ነገሩን ሳያንዛዛ ያናገረኝ እሱ ብቻ ነበር።

*

ሐሙስ ጠዋት ከጆሮ ጎን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የጆሮ ሥራ ገጾቹን መስማት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለው፤ ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ይሄዳሉ፣ ማሽኑ ያወራል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለኝ። «ገጿን እስካሁን አልሰማሁትም። ሁሉም አንብቦታል፤ እኔ ስመጣ ዝም ይላሉ። ብቻዬን ደግሞ ፈራሁ። አንተ ካለህ ልስማው።»

«ክፈተው።»

ማሽኑ ያለ ስሜት አነበበ። ደክሞኛል። ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ይቅር በሉኝ። እናቴን አደራ። አለቀ ብዬ ልነሣ ስል ቀጠለ፦

ምስል። አንዲት ሴት፣ በሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ በአጥሩ አጠገብ ቆማ። አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋለች። ፊቷ ወደ ፎቶ አንሺው። ትስቃለች።

ስክሪኑን አየሁ። አራቱ ዓረፍተ ነገሮችና ፎቶው ብቻ ናቸው ያሉት።

«ይሄን ከየት አመጣው?»

«የምስል መግለጫ ነው። ኮዱ ውስጥ ነው የሚጻፈው፤ ለምታዩት ለእናንተ አይታይም። ለእኔ ዓይነቱ ነው የሚነበበው። እሱ ከሌለ ምስል ለእኔ ባዶ ግድግዳ ነው።» ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። «ጋሼ፣ ፎቶው እንዴት ነው?»

«ጥቁርና ነጭ።»

«ቀለም የለውም? ምንም?»

«ምንም። ስልኳም ላይ ዋናውን ፈልገን አጣነው፤ ተሰርዟል።»

እጁን ከቁልፎቹ አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ጥድፊያ በሦስት ዓመት አንድ መግለጫ ጽፋ አታውቅም» አለ። «ገጿን መልሼ እልክላታለሁ፣ ምስሉ ዲዳ ነው ብዬ። እየሮጠች ትመጣና ጭንቅላቴን ስማኝ ‹ነገ እጽፍልሃለሁ› ትለኛለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እላታለሁ። ትስቅብኛለች።»

«ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ዓይኔ የጠፋው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው፣ ጋሼ። ቀለም አስታውሳለሁ። እዚህ ስቀጠር ሁሉንም ለመንኩ፤ መግለጫ ስትጽፉ ቀለሙን አትርሱብኝ አልኩ። ሁሉም እሺ አሉ። ከሳምንት በኋላ ረሱት።»

«ሁሉም?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ስም አልጠራም። ምነው በተሳሳትኩ ብዬ እየለመንኩ ሰው አልከስም። አንተው ድረስበት።»

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። ሦስት ቀን ሙሉ ሳፈጥበት የነበረው ገጽ ግን በጆሮዬ ገባ። ከዚያ ቢሮ ወጥቼ በቀጥታ እናትየው ጋ ሄድኩ።

በሩ ዛሬም ገርበብ እንዳለ ነው።

«እማማ፣ ያ ሻርፕ ቀለሙ ምን ነበር?»

«አረንጓዴ። ከአንሶላ ሥራ ውጪ ለራሴ የቆረጥኳት አንዲት ጨርቅ ነበረችኝ። ቅዳሜ ማታ ጠርዟን ሰፍቼ ጨረስኩ። እሑድ ምሳ ላይ ሰጠኋት፤ እዚሁ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ስምንት ሰዓት ላይ ወጣች።»

«ከዚያ በፊት ያየው ሰው አለ?»

«ማን ያየዋል? ማሽኔ ሥር ደብቄው ነበር። ‹ሥራ ቦታ ፎቶ ተነሥቼ አሳይሻለሁ› ብላኝ ነበር፤ እቤት መስታወታችን ትንሽ ናት።» ከዚያ አዩኝ። «ሰኞ ነግሬህ ነበር እኮ።»

ነግረውኝ ነበር። ነፋስ ነው ብዬ ዘጋሁባቸው። አፈርኩ፤ እውነተኛ እፍረት ነበር፣ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። በአንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

*

አርብ ጠዋት ፎቶውን በወረቀት አተምኩት። ጥቁር ቀለም፣ ነጭ ወረቀት። የቢሮውን ሰዎች ከጆሮ በቀር ተራ በተራ ወደ ስብሰባ ክፍሉ አስገባኋቸው።

«ጆሮ ይህን ፎቶ ማወቅ ይፈልጋል» አልኳቸው። «በሥራችሁ እንደምታደርጉት ግለጹለት። እዚህ ጻፉ፣ ከሥሩ ፈርሙ።»

ሥራ አስኪያጇ «የሥራ ባልደረባችን» ብላ ጻፈችና መቀጠል አቃታት። አንዱ «ሴት፣ ጣሪያ፣ ሰማይ» ብሎ ተነሣ። አንዷ «ጥቁርና ነጭ ፎቶ፤ ሻርፕ ያደረገች ወጣት» አለች። ሌላው ሻርፑን ግራጫ አደረገው። የሚያዩትን ነው የጻፉት፤ ምን ያድርጉ።

ማስመሪያ መጨረሻ ገባ። ወንበሩን ከጠረጴዛው ጋር አስተካክሎ ተቀመጠ።

«ለጆሮ ነው?»

«ለጆሮ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ፎቶውን ለአፍታ አየው፣ ከዚያ ወዲያ ግን አላየውም። ቀጥ ባለ መስመር ጻፈ፣ አንድ ቃል ሰረዘ፣ በተሻለ ተካው፣ ፈረመ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ ገፋው።

አንዲት ሴት፣ በጣሪያ ላይ፣ አጥር ይዛ የቆመች። አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላነበብኩም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ይህ ሰውዬ አልጠጣም፤ ያወጣበት ልማዱ ነው።

«ስህተት አለበት?» አለኝ።

«አንድ ብቻ።»

«የቱ ጋ?»

«ከላይ እንጀምር ብለውኝ የለ? መጨረሻ ያዩዋት አርብ ነው።»

«አዎ።»

«ገጹን አልከፈቱትም።»

«አልከፈትኩም።»

«ሻርፑ ተሰፍቶ ያለቀው ቅዳሜ ማታ ነው። አንገቷ ላይ የዋለው እሑድ ምሳ ሰዓት ነው። እዚህ ፎቶ ላይ ቀለም የለም። አረንጓዴ መሆኑን ከእናቷ በቀር የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሑድ ከሷ ጋር የነበረው ነው።»

ወረቀቱን አየ። እስክሪብቶውን አንሥቶ ወደዚያች ቃል አስጠጋና ቆመ። መልሶ እንደነበረው ወደ አንድ ወገን አስተኛው።

«እህቴን አታስጨንቋት» አለ። «ለቧንቧው ጎማ ልግዛ ብያት ነው የወጣሁት። ሁለት ሰዓት መቆየቴን ልብ አላለችም።»

«ለምን?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ። ድምፁ ያው ስለ ኮድ ሲያስረዳኝ የነበረው ነው። «አንድ ቀን አንድ ገጽ ሳልከፍት ፈረምኩ። ሰልችቶኝ ነበር። የሆነ ነገር የሚመጣ መስሎኝ ጠበቅኩ። ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ሁለት ፈረምኩ። ሃያ ሦስት ደረሰ።»

«ዝርዝሩ።»

«ደርሳበት ኖሯል። ከነሱ አንዱ የሕክምና ገጽ ነው፤ መርዝ ለጠጣ ሰው የሚደወልበት ቁጥር በምስል ነው የተቀመጠው፣ ያለ መግለጫ። ጆሮ ቢከፍተው ቁጥሩን አይሰማም። እዚያ ላይ የኔ ፊርማ አለ። እሑድ ና ብላ ጠራችኝ። ጣሪያ ላይ ስንወጣ መጀመሪያ ፎቶ አንሣኝ አለች፣ ለእናቴ ነው አለች። አነሣኋት። ከዚያ ነገረችኝ። ‹ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ሰኞ ራስህ ንገራቸው፣ አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ› አለች። አክብራኝ ነው የጠራችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ልትወርድ ስትል ሻርፑን ያዝኩት፣ እንድትቆም። ታገለችኝ።» ቆመ። «ወደቀች ልልዎት ነበር። አልወደቀችም። ገፋኋት። ሻርፑ እጄ ላይ ቀረ።»

ሕንፃው ውስጥ አንድ ቦታ ስልክ ጮኸ፤ የሚያነሣው አልነበረም።

«ገጹን ከኮምፒውተሯ ጻፉ። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረጉ፣ ዋናውን ሰረዙ። እሱ ገብቶኛል። መግለጫውን ግን ምን አስፈለገ? ማንም አያየውም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከጠረጴዛው አንሥቶ አየኝ። «ጆሮ ይከፍተዋል ብዬ አሰብኩ። ባዶ ግድግዳ እንዳይሆንበት።»

«ሻርፑስ?»

«ቤቴ ነው። አጥቤ አጥፌዋለሁ።»

ልቆጣ ጠበቅኩ፣ ቁጣው አልመጣም። ከተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረችው «ምንም አልሆነም» ያላት ናት። ያቺን ነገር አውቃታለሁ። እኔም ሳልከፍት የፈረምኩት አለ፤ ነፋስ ነው ብዬ።

ሲያወጡት በጆሮ ጠረጴዛ በኩል አለፈ። ጆሮ እርምጃውን ለየው። አንገቱን ደፋ። ማስመሪያም አልቆመም።

*

አዛዡ «እስከ አርብ ዝጋው ብዬህ አልነበር?» ከማለት በቀር ምንም አላለም። ከሰዓት በኋላ እናትየው ጋ ሄድኩ። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ማሽናቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፣ አንሶላው እንደተዘረጋ ነው፣ መርፌው ሥር ጨርቅ አለ፣ አይሰፉም።

ቆሜ ልነግራቸው ጀመርኩ። «ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከሃያ ሦስቱ ገጽ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሻርፑ መገኘቱን፣ ለጊዜው ግን በማስረጃነት እኛ ጋ እንደሚቆይም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

«ጥላኝ አልሄደችም» አሉ ስጨርስ።

«አልሄደችም፣ እማማ።»

«እሰይ» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። ከሰኞ ጀምሮ የደረቀው ፊታቸው ግን አልተነቃነቀም። እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተው ያንን የማስታወሻ ወረቀት አወጡ። ከመታሻሸት ጠርዙ ሳስቷል። «ይሄስ?»

«እሱ ነው የጻፈው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እናቴን አደራ የሚለውንም?»

ልዋሽላቸው ፈለግሁ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ «እሱን እንኳ እሷ ናት» ብል ማን ይጠይቀኛል? አምስት ቀን ሙሉ በዚያች ወረቀት ነው የቆሙት። ግን ላልከፈትኩት ነገር መፈረም በቃኝ።

«እሱንም» አልኩ።

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። በመዳፋቸው አስተካከሉት፣ እንደ አንሶላ።

«ታዲያ እኔን ለማን አደራ ብላ ሄደች?»

ሚስቴ የሞተችው ሦስት ወር ሙሉ አደራ ስትል ነው። አበባዎቹን ውሃ አጠጣ፣ አደራ። እህቴን ደውልላት፣ አደራ። ሰማያዊ ካፖርቴን ለማንም አትስጥ፣ ራስህ ልበሰው፣ ለቤት ውስጥ ይሞቅሃል፣ አደራ። ጆሮዬ ሰልችቶ ነበር። አንዱን እንኳ ሳልፈጽም ካፖርቱ አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

«እማማ» አልኩ፤ «አደራ የሚለው የሚሄድ ሰው ነው። እሷ መሄጃ አልነበራትም። ማታ የምትመለስ ልጅ አደራ አትልም። በሩን እንዳትቆልፊ ነው የምትለው።»

አዩኝ። ከዚያ በሩን አዩ፣ ገርበብ ያለውን። አፋቸው ተከፈተ፣ መጀመሪያ ድምፅ አልወጣም፣ ቀጥሎ ወጣ። አለቀሱ። «ልጄን፣ መንገድ ላይ ነበረች፣ እየመጣች ነበር ልጄ» እያሉ አለቀሱ። ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። የኔ ዓይን ደረቅ ነበር። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እንዳያዩብኝ ጭኔ ሥር ከተትኩት።

ሲበቃቸው በአንሶላው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና ተነሥተው እስከ በሩ ደፍ ሸኙኝ። «በል ሂድ፣ ደክሞሃል» አሉኝ። ሁለት ደረጃ እንደወረድኩ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ቁልፉ አንዴ አስቸገረ፣ ከዚያ ዞረ።